የአባቴ ዲኤክስ ከኋላ ለምን ትንኳኳለች፦ ከኅዳር እስከ ቁልቢ የሠራሁት

ኅዳር 6

ካልጻፍኩት ይምታታብኛል ብዬ ነው ዛሬ የጀመርኩት። መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ የ82 ሞዴል በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኬኢ 70 የሚባለው ቅርጽ፣ ከኋላ ጎማ የምትነዳው። የአባቴ ነበረች። እሱ ካረፈ አራት ዓመት አለፈው፣ ከዛ ወዲህ ድሬ ውስጥ እኔ ነኝ የምይዛት፣ ሰው "ሸጠህ ባጃጅ ግዛበት" ሲለኝ ዝም ነው የምለው፣ ምክንያቱም መሪው ላይ አባቴ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ለስልሶ እስካሁን አለ፣ እሱን አልሸጥም።

ችግሩ ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ነው። ከክረምቱ ጀምሮ አለ፣ መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር አሁን ግን ሳቢያን በኩል ኮብልስቶን ላይ ስገባ ሬድዮ አያሰማም። እማ ሁሌም ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ "ኧረ አንተ ልጅ፣ ከታች ሰው እያንኳኳ ነው፣ ክፈትለት" አለችኝ። እሷ ለጨዋታ ነው ያለችው እኔ ግን ማታ እሱን ሳስብ አመሸሁ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የምታስገባው ስለት አላት፣ በአውቶብስ ግፊያ ልልካት አልፈልግም፣ በአባቴ መኪና ይዣት መሄድ ነው የምፈልገው፣ እና ከድሬ እስከ ደንገጎ ያለውን ዳገትና ኩርባ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እዛ ላይ ከኋላ የሆነ ነገር ተፈቶ አክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያገናኘው ብረት) ቢንቀሳቀስብኝ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ስድስት ሳምንት አለኝ።

ኅዳር 7

እስካሁን የተሠራውን ልጻፍ። ነሐሴ ላይ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ልጁ የኋላውን ኮፈን በእጁ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ለቀቀና "ሾክ ነው፣ ሁለቱም ሞተዋል" አለኝ፣ በቃ፣ ከታች እንኳን አልገባም። ሁለት አዲስ ሾክ ገዛሁ፣ ገጠሙልኝ፣ ሦስት ቀን ዝም አለችልኝ፣ በአራተኛው ቀን ድምፁ ተመለሰ፣ እንደውም በቀኝ በኩል ባሰበት። ስመለስ "አሮጌ መኪና ነው፣ ይንኳኳል" ተባልኩ። ይሄ አነጋገር በጣም ነው የሚያናድደኝ። ከፋብሪካ ስትወጣ አትንኳኳም ነበር፣ ዛሬ የምትንኳኳው የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ስላለቀ ነው፣ ያ ነገር ደሞ ስም አለው፣ ቦታ አለው።

አሮጌዎቹን ሾኮች አልጣልኳቸውም ነበር። ዛሬ ከጓዳ አውጥቼ ቀጥ አድርጌ አቁሜ ዘንጋቸውን ጫን ሳብ አደረኳቸው። ሾክ መኪና አይሸከምም፣ የሚሸከመው ሞላው ነው፣ ሾክ የሞላውን ዝላይ ነው የሚያበርደው፣ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ጉልበቱን ይበላለታል። የሞተ ሾክ ስትስበው ምንም አይታገልህም፣ ወይ መሀል ላይ ባዶ ቦታ አለው፣ ወይ ዘይቱን አልቅሶ ውጪው አቧራ ጠጥቶ ጭቃ ይሠራል። የኔዎቹ አንደኛው ትንሽ ላብ አለው እንጂ ሁለቱም ሲወጡም ሲገቡም እኩል ይከብዳሉ። ማለት ያ ሁሉ ብር የወጣው ላልታመመ ዕቃ ነው። ከዚህ በኋላ ድምፁን መኪናዋ ቆማ በእጄ ሳላሰማው አንድ ዕቃ አልገዛም፣ ወስኛለሁ።

ኅዳር 9

ከቀላሉ ጀመርኩ። የኋላውን ኮፈን ሙሉ በሙሉ ባዶ አደረኩት፣ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ የመፍቻ ሻንጣ፣ አባቴ ያስቀመጠው የዘይት ቆርቆሮ ሳይቀር። ዞር ዞር ብዬ መጣሁ፣ አንድ ቀጭን ቃጭል የሚመስል ድምፅ ነበረ እሱ ጠፋ፣ ክሪኩ ነበር ለካ፣ ማሰሪያው ላልቶ። በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩት። ዋናው ግን እንዳለ ነው።

ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) ሲበርድ በእጄ ወዘወዝኩት። ከተንጠለጠለባቸው ጎማዎች አንዱ ተሰንጥቆ ቧንቧው ወደ አክስሉ በጣም ተጠግቷል፣ መኪናዋ ዝቅ ስትል ሊነካ ይችላል። ከድሮ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጬ ለጊዜው አሰርኩት፣ ሙቀት ስለሚበላው ኋላ ኦርጅናሉን እቀይራለሁ። የጎማ ንፋስም ለካሁ ሁለቱን እኩል አደረኩ፣ ጠንካራ ጎማ ትንሹን ድምፅ ትልቅ ስለሚያደርገው።

ኅዳር 14

ዛሬ ነው የገባኝ። አንድ ድምፅ እያልኩ ስፈልግ የነበረው ሦስት ድምፅ ነው!

እንዲህ ነው ያደረኩት፣ ሦስት ዓይነት መንገድ መረጥኩ፣ አንደኛ ከዚራ ያሉት ዛፍ ያለባቸው ጎዳናዎች፣ አስፋልቱ ደህና ነው፣ ሁለተኛ የሳቢያን ኮብልስቶን፣ ሦስተኛ ብሬከር ያለበት መንገድ እና አንድ ግቢ መግቢያ በሰያፍ የምገባበት። በጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ ባጃጅ ሳይበዛ። የእህቴን ልጅ ከኋላ አስቀመጥኩት፣ የኋላውን መቀመጫ ነቅለን አውጥተን ብረቱ ላይ ፍራሽ ጣል አድርገንለት፣ ጆሮው ቅርብ እንዲሆን። ልጁ 14 ዓመቱ ነው ግን ጆሮው ከኔ ይበልጣል። መስኮት ሁሉ ዝግ፣ ሬድዮ ዝግ፣ በዝግታ ነው የሄድነው፣ እሱ የሚሰማውን በድምፁ እየመሰለ ይነግረኛል እኔ ስንቆም እጽፋለሁ።

"ኳ" የሚለው ኮብልስቶን ላይ ነው፣ ደረቅ፣ አጭር፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከቀኝ ከጀርባው አካባቢ፣ ከላይ በኩል። ትልቅ ጉድጓድ ላይ አይብስም፣ እንደውም ትንንሹ ላይ ነው የሚበዛው። "ድም" የሚለው ሌላ ነው፣ አስፋልት ላይ ጭራሽ የለም፣ በሰያፍ ግቢ ስገባ መኪናዋ ወደ ጎን ስትወዛወዝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወፍራም፣ ከመሀል፣ እግሬ ስር ሁሉ ይሰማኛል። ሦስተኛው "ሲጢጥ" ነው፣ ብሬከር ላይ በጣም በዝግታ ስወጣና ስወርድ፣ የድሮ አልጋ ዓይነት።

ሦስቱንም አንድ ላይ ስሰማቸው "ከኋላ ይንኳኳል" ነበር የምለው። እንደዛ ብዬ ለመካኒክ ከነገርኩት እሱ ምን ያድርግ።

ኅዳር 15

ስልኬን ካልሲ ውስጥ ከትቼ ከቀኙ ሾክ አጠገብ ካለው ብረት ጋር በደንብ አሰርኩት ድምፅ እየቀዳ፣ ከዛ በግራ። ካልሲው ለንፋሱ ነው፣ ያለሱ ሹሹታ ብቻ ነው የሚቀዳው። የቀኙ "ኳ" ጥርት ብሎ ይሰማል፣ በግራው ደብዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ ቀኝ ነው።

ሌላ ደሞ የእጅ ፍሬን ሙከራ አደረኩ፣ ባዶ መንገድ ላይ በዝግታ እየሄድኩ የእጅ ፍሬኑን አንድ ሁለት ጥርስ ብቻ ሳብ፣ ድምፁ ከጠፋ ታምቡሮ (ከጎማው ጀርባ ያለው የፍሬን ከበሮ) ውስጥ የላላ የፍሬን ሸራ ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱም ሸራው ሲወጠር መንኳኳት ያቆማል። የኔ አልተቀየረም። ከማርሽ ወደ ኋላ ማርሽ ሳስገባም አዳመጥኩ፣ የካርዳኑ (ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያመጣው ዘንግ) ክሮቼራ፣ ማለት መገጣጠሚያው፣ ካለቀ እዛ ላይ "ጭቅ" ይላል፣ እሱም ንጹህ ነው። ሁለት ነገር ከዝርዝር ወጣ።

ኅዳር 21

ጽዮን ናት፣ ሥራ የለም።

ኅዳር 22

"ኳ" የሚለውን አገኘሁት። አገኘሁት!

ከላይ በኩል ነው ካለኝ ልጁ ብዬ ከታች ከመግባቴ በፊት ኮፈኑ ውስጥ ምንጣፉን አነሳሁ። የዚች መኪና የኋላ ሾክ ከላይ የሚታሰረው በቀጭን ዘንግ ነው፣ ዘንጉ ቦዲውን በስቶ ኮፈኑ ውስጥ ብቅ ይላል፣ እዛ ላይ ዳዶ፣ ከዳዶው ስር ሮንዴላ (ክብ ቀዳዳ ብረት)፣ ከሮንዴላው ስር ጎማ፣ ከዛ የቦዲው ላሜራ፣ ከላሜራው በታች ደሞ ሌላ ጎማና ሮንዴላ። ላሜራው በሁለት ጎማ መሀል ተቀርቅሮ ነው ብረት ብረትን ሳይነካ የሚኖረው። ቀኙን በጣቴ ያዝኩትና የእህቴን ልጅ ከውጪ በሩ ስር ባለው ጠርዝ ላይ ቆሞ እንዲወዛወዝ አደረኩት። በያንዳንዱ ውዝዋዜ ጣቴ ላይ ትክ ትክ የምትል ነገር አለች፣ ድምፁ ገና ሳይሰማ ጣቴ ነው ቀድሞ የሰማው። ዳዶውን ስነካው በሁለት ጣቴ ዞረልኝ። በግራ በኩል ቁልፍ ካላስገባሁ አይነቃነቅም።

ፈትቼ ሾኩን ወደ ታች ሳወርደው የታችኛው ጎማ የለም። ማለት አዲሱን ሾክ ሲገጥሙ የላዩን ጎማ አድርገው የታችኛውን ረስተውታል፣ ወይ ከአሮጌው ጋር ወጥቶ ቀርቷል። ላሜራው ላይ ሮንዴላው የመታበት ቦታ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብረቀርቃል፣ ዙሪያውን ግን የ40 ዓመት ቀለም እንዳለ ነው። ያቺን የምታብረቀርቅ ክብ ሳይ እጄን አስቀምጬባት ዝም ብዬ ቆየሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ነው ሲመታ የነበረው።

ጎማዎቹን ከአሮጌዎቹ ሾኮች ላይ ፈታሁ፣ አንድ ደህና አገኘሁ፣ አስገባሁ። ዳዶውን ስታጠብቅ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር ጫፉ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ በቁልፍ መያዝ ግድ ነው፣ አለዚያ የጠበቀ ይመስልሃል እንጂ ዝም ብሎ ነው የሚዞረው፣ ጋራዡም እንደዛ ሳይሆንባቸው አይቀርም። ጎማው ትንሽ እስኪያብጥ ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ካደቀከው ደሞ ቶሎ ይሰነጠቃል። በላዩ ሁለተኛ ዳዶ ቆለፍኩበት።

ማታ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣሁ። "ኳ" የለም። "ድም" እና "ሲጢጥ" አሉ።

ኅዳር 23

ከስር ልገባ ስል ግቢያችን አሸዋ ነው፣ ክሪኩ አንድ ጎን እየሰመጠ አስፈራኝ። ወፍራም ጣውላ አነጠፍኩለት፣ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ከፊትም ከኋላም ያዝኩ፣ ከአክስሉ ስር ሁለት የብረት ማቆሚያ አደረኩ፣ ከዛ በላይ የተነቀለ ጎማ ቦዲው ስር ወረወርኩ። በክሪክ ብቻ ከስር መግባት የለም፣ ይሄን አባቴ ቀበቶ አውልቆ ነው ያስተማረኝ።

ይቺ መኪና ከኋላ አንድ ወጥ አክስል ነው ያላት። አክስሉን ከቦዲው ጋር የሚያገናኙት ከታች ሁለት ረጃጅም ክንድ፣ ከላይ ሁለት አጠር ያሉ፣ እና አንድ በአግድም የሚሄድ ዘንግ ናቸው። አራቱ ክንዶች አክስሉን ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ፣ ነዳጅ ስትሰጥና ፍሬን ስትይዝ እንዳይገለበጥ ይይዙታል፣ አግድሙ አንድ ጫፉ አክስሉ ላይ አንድ ጫፉ ቦዲው ላይ ሆኖ ግራ ቀኝ እንዳይሄድ። ሁሉም ጫፍ ላይ ጎሚኒ፣ ማለት መሀሉ የብረት ቱቦ ያለው ጎማ፣ አለ፣ ክንዶቹ 8፣ አግድሙ 2፣ ባጠቃላይ 10። ሞላዎቹ ክብደቱን ይሸከማሉ እንጂ አክስሉን ቦታው ላይ አይዙትም፣ የሚይዙት እነዚህ 10 ጎሚኒዎች ናቸው።

በባትሪ እያየሁ አሥሩንም በብረት ዘንግ ፈነቀልኩ። ሁሉም አርጅተዋል ትንንሽ ስንጥቅ አላቸው፣ ግን የተቆረጠ አላገኘሁም። ደክሞኝ ወጣሁ።

ኅዳር 26

የሰፈራችን ጋሼ መጡ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ወርክሾፕ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። እዚህ ሳወራ አንቱ እላቸዋለሁ እንጂ ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው፣ ድሬ ነዋ። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1902 በፈረንጅ ነው፣ ከተማዋ ራሷ በሱ ነው የበቀለችው፣ የከተማው የድሮ መካኒክ ብዙው እጁን ያፍታታው እዛ ነው። ጋሼ ሲያወሩ የባቡር ጎማ በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ ከድምፁ ስንጥቅ ይለዩ ነበር፣ ደህናው እንደ ደወል ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል።

ከስር ተኝቼ እንደፈነቀልኩ ነገርኳቸው። "መኪናው ተንጠልጥሎ ነው?" አሉኝ። አክስሉ ማቆሚያ ላይ ነበር ጎማው አየር ላይ። "እህ፣ ታዲያ ማን ይገፋዋል? መሬት ይርገጥና እናወዛውዘው" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ "ድም" የሚለው ቦዲው ወደ ጎን ሲሄድ ነው፣ እኔ ግን ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል ሳላመጣ ነው ስፈልግ የነበረው።

ዓርብ ከሰዓት ጓደኛዬ ጋራዥ እሄዳለሁ፣ መኪና ላዩ ላይ ቆሞ ከስር የሚገባበት ጉድጓድ አለው፣ ከሰዓት በርጫ ሰዓት ስለሆነ ሥራ የለም፣ ክፍት ነው ብሎኛል።

ኅዳር 28

መኪናዋ በአራት እግሯ ጉድጓዱ ላይ ቆመች። ጓደኛዬና የእህቴ ልጅ በሁለቱ ጎን ሆነው ቦዲውን ግራ ቀኝ እየተቀባበሉ ይገፋሉ፣ ጋሼና እኔ ከስር። ጋሼ ረጅም ካቻቢቴ አምጥተዋል፣ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ስር ያለው አጥንት ላይ አድርገው አይናቸውን ጨፈኑ። የአንዱን ክንድ ጫፍ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሌላው፣ አሁንም የለም። እኔ አውራ ጣቴን ግማሹን ጎሚኒው ላይ ግማሹን መያዣው ላይ እያደረኩ እከተላቸዋለሁ፣ ደህና ጎሚኒ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚንቀሳቀሱት፣ በመሀላቸው ምንም አይሰማህም።

አግድሙ ዘንግ ቦዲው በኩል ያለው ጫፍ ላይ ስንደርስ ጋሼ ካቻቢቴውን ሰጡኝ ምንም ሳይሉ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው "ድም" ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የጮኸው። አውራ ጣቴን አስገባሁ፣ ብረቱ ቆዳዬን ቆነጠጠው፣ ሁለት ሚሊ የሚሆን ይሄዳል። ውጪውን ሲያዩት ጎማው ሙሉ ነው፣ ውስጥ ግን ከመሀሉ ቱቦ ተላቆ ቱቦው ባዶውን ነው የሚዋኘው። ለዛ ነው ኅዳር 23 ያላየሁት።

ጋሼ የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎችም እንደዚሁ አግድም ዘንግና ሞላ እንዳላቸው፣ እነሱም ላይ ሲያልቅ ይሄንኑ ወፍራም ድምፅ እንደሚያሰማ ነገሩኝ። ድምፅ በብረት ውስጥ ይሄዳል አሉ፣ የተወለደበትን ትተህ የወጣበትን አትፈልግ።

ታኅሣሥ 2

ጎሚኒው ድሬ ጠፋ፣ ከለገሃሬ እስከ ቀፊራ ያሉትን መለዋወጫ ቤቶች ጠየኩ። ቶርኖ ቤት ያለው ልጅ "ከናይለን አወጣልሃለሁ፣ ዕድሜ ልክ ነው" አለኝ፣ እጁ ጎበዝ ነው አውቃለሁ፣ ግን እንቢ አልኩ። ጎሚኒ ጎማ የሆነው በምክንያት ነው፣ አንድ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ ያጋድላል፣ ያኔ ዘንጉና ክንዶቹ ጫፋቸው ላይ ትንሽ መጠምዘዝ አለባቸው፣ ጎማ ይጠመዘዛል ናይለን ግን አይጠመዘዝም፣ ስለዚህ ወይ ይጮሃል ወይ ጉልበቱን ቦዲው ላይ ያለው መያዣ ላይ ይጥለዋል፣ መያዣው ደሞ የ40 ዓመት ላሜራ ነው። መያዣ ተሰንጥቆ ብየዳ ከመፈለግ ጎሚኒ መጠበቅ ይሻላል። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ሁለቱንም ጫፍ ገዝቶ በአውቶብስ እልካለሁ ብሏል።

እስከዛ "ሲጢጡን" እፈልጋለሁ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን በስቼ ውሃ እየረጨሁ እያንዳንዱን ጎሚኒ አንድ በአንድ አረጠብኩ፣ አንዱን ባረጠብኩ ቁጥር ልጁ ኮፈኑ ላይ ይቀመጣል ይነሳል። ደረቅ ጎሚኒ ከሆነ ሲረጥብ ለትንሽ ደቂቃ ዝም ይላል። አሥሩም ረጠቡ፣ ሲጢጡ አልቆመም። ሰው ዘይት ወይ ናፍጣ ይቀባል፣ እሱን እንዳታደርጉት፣ ጎማው ያብጥና ይሟሟል።

ከዛ በባትሪ ሞላዎቹን አየሁ። ሞላው ሙሉ አቧራ ለብሷል፣ የድሬ አቧራ ታውቁት የለ፣ የመጨረሻው የላይኛው ጥምዝ ላይ ግን የጣት ስፋት የሚያህል ቦታ የተወለወለ ብር መስሏል። ሞላውና ቦዲው መሀል የሚገባው የጎማ ትራስ እዛ ላይ አልቆ ብረት በብረት እየተፋተገ ነው። ውሃ ረጨሁበት፣ ዝም አለ። ደረቀ፣ ጮኸ። እንግዲህ ሦስቱም ተገኙ።

ታኅሣሥ 10

ዕቃው ገባ፣ የአግድሙ ሁለት ጎሚኒ፣ የሞላው ሁለት ትራስ፣ የማርሚታውም ጎማ።

ከመፍታቴ በፊት ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ጠርዝ ያለውን በሜትር ለካሁ፣ በግራም በቀኝም ጻፍኩት። ቦዲውን በማቆሚያ አቆምኩ አክስሉን በክሪክ ያዝኩ፣ የሾኮቹን የታች ቡሎን ፈታሁ፣ አግድሙን ፈታሁ፣ ከዛ ክሪኩን ቀስ በቀስ አወረድኩ። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው፣ ከቦዲ ወደ አክስል የሚመጣው የፍሬን ጎማ ቱቦ አንድ ብቻ ነው አጭር ነው፣ አክስሉ ከወረደ በኋላ ቱቦው ላይ ከተንጠለጠለ ከውስጥ ይቀደዳል፣ ከውጪ አይታወቅህም፣ ቁልቁለት ላይ ነው የምታውቀው። ልጁን አይኑን ከቱቦው እንዳያነሳ አስቀመጥኩት፣ ሳይወጠር ሞላዎቹ ላልተው በእጄ ወጡ። የቀኙ ትራስ ሁለት ቦታ ተቆርጦ እንደ ብስኩት ነው የተፈረፈረው።

የአግድሙን አሮጌ ጎሚኒ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ጎማውን ዙሪያውን በመሰርሰሪያ በሳሳሁት፣ መሀሉ ወጣ፣ የቀረው የውጪው የብረት ቀለበት ነው፣ እሱን በመጋዝ ከውስጥ በኩል በጣም በጥንቃቄ ቆረጥኩት የዘንጉን ቤት ሳልነካ፣ ከዛ በመዶሻና በጠፍጣፋ ብረት ወደ ውስጥ አጠፍኩትና ወጣ። አዲሱን በሞርሳ ነው ያስገባሁት፣ በአንድ በኩል የሚገፋ በሌላው የሚቀበል ቱቦ አድርጌ፣ በሳሙና ውሃ። ቀጥ ብሎ ካልጀመረ ወዲያው አቁሞ ማውጣት ነው፣ አንዴ ካዘመመ ቤቱን ያሰፋዋል።

ታኅሣሥ 11

ገጠምኩት። ቡሎኖቹን በሙሉ አስገብቼ ግን አላጠበኩም፣ ዳዶው እስኪነካ ብቻ። ምክንያቱም ጎሚኒው ሲጠብቅ የውስጥ ቱቦው ባለበት ቦታ ይቆለፋል፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ ካጠበከው መኪናው መሬት ሲወርድ ጎማው ተጠምዝዞ ነው ዘላለሙን የሚኖረው፣ በአጭር ጊዜ ይበጠሳል። የጎሚኒ ዕድሜ አጭር ነው የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ እንደዚህ አጥብቀውት ይመስለኛል። መኪናዋን አውርጄ፣ ገፋ ገፋ አድርጌ፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን ወደ ቦታው መልሼ፣ ወደ ጓደኛዬ ጉድጓድ በዝግታ ወሰድኳት፣ በአራት እግሯ ቆማ ነው ያጠበኩት። ልኬቱ ከበፊቱ ቀኙ ትንሽ ከፍ አለ፣ ትራሱ ስለተመለሰ።

አሮጌውን የታችኛውን ክንድ ጎሚኒዎች አልነካኋቸውም። ያረጁ ናቸው ግን አልተላቀቁም፣ አውራ ጣቴ ምንም አላለኝም። ያልታመመ አልፈታም ብያለሁ።

ታኅሣሥ 13

በሦስቱም መንገድ ዞርን፣ ያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ልጁ ያው ቦታ ላይ። ኮብልስቶኑን ጨርሰን ዞር ብዬ አየሁት። "የለም" አለኝ። ግቢው በር ላይ በሰያፍ ገባሁ፣ "የለም"። ብሬከሩ ላይ ቆሜ ማለት ይቻላል፣ "የለም"። ደግመን ዞርን፣ አላመንኩትም።

ታኅሣሥ 16

እስከ ደንገጎ ወጥቼ ተመለስኩ ብቻዬን። ኩርባዎቹ ላይ መኪናዋ ድሮ ግማሽ ልብ ትላለች፣ መሪ አዞርኩ ከኋላ ትንሽ ቆይታ ነው የምትከተለው፣ እሱን የሾፌር ነገር አድርጌው ነበር። አግድሙ ላይ የነበረው ሁለት ሚሊ ነው ያ። አሁን አንድ ላይ ነው የምትዞረው፣ አባቴ እያለ እንደነበረችው። ተመልሼ ቡሎኖቹን በሙሉ ደግሜ በቁልፍ አየሁ፣ የተላቀቀ የለም።

ታኅሣሥ 21

ትናንት ማታ ከቁልቢ ተመለስን። እማ፣ እህቴ፣ ልጁና ጎረቤታችን፣ ከኔ ጋር አምስት፣ ኮፈኑ ሙሉ። ደንገጎ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን መኪና ለመኪና ተያይዘን፣ በእግሩ የሚሄደው ምዕመን መንገዱን ሞልቶ፣ በዝግታ ነው የገባነው። እማ ዣንጥላዋን ይዛ ስለቷን አስገባች። ስንመለስ ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ "ያ የሚያንኳኳው ሰውዬ ሄደ?" አለችኝ፣ "ሄደ እማ" አልኳት፣ "አባትህ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር" ብላ መስኮቱን ዘጋች።

ያየሁት ሁለት ነገር አለ። መኪና ያቆምንበት ሜዳ ላይ ተጭና ጉድጓድ ስትገባ ለስለስ ያለ ዱብታ አለ፣ እሱ አክስሉ ሙሉ ሲወጣ የሚቀበለው የጎማ ማቆሚያ ነው፣ ጭነት ሲበዛ መንካቱ ያለ ነው፣ ግን የግራው ጫፉ ተፈርፍሯል፣ ይቀየራል። ሁለተኛው፣ ከ60 በላይ አስፋልት ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሰማሁ፣ በፊት በነዛ ሦስቱ ተሸፍኖ ነበር። መንገዱ ቢለሰልስም አይጠፋም፣ ከፍጥነቱ ጋር ነው የሚጨምረውና የሚቀንሰው፣ ወደ ቀኝ ስዞር ክብደቱ ግራው ላይ ሲያርፍ ይጎላል፣ ወደ ግራ ስዞር ይደበዝዛል። የግራው ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት) ነው። እሱ ዘንጉ ላይ በፕሬስ የተጠመደ ነው፣ መያዣ ቀለበቱም ካልተቆረጠ አይወጣም፣ በመዶሻ የሚነካ አይደለም። ዛሬ ከሰዓት ጎማውን አንስቼ በእጄ አዞርኩት፣ መዳፌን ሞላው ላይ አድርጌ፣ እንደ ደረቅ አሸዋ ይነዝረኛል፣ የቀኙ ዝም ያለ ነው። ቁጥሩን ለአዲስ አበባው ጓደኛዬ ጽፌ ልኬለታለሁ፣ ከጥምቀት በኋላ እከፍተዋለሁ፣ እስከዛ ከከተማ አልወጣም።